የሐምሌ ጎርፍ በግንቦት ይመከራል
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ለመናገር የመረጥሁት ጉዳይ ከፍ ያለ የፍልስፍና ነገር ወይም የታላላቅ መንግሥታት ክርክር አይደለም። ስለ መንገድ ዳር የውሃ ቦይ ነው። ቦይ በበጋ ማንም ዘወር ብሎ የማያየው፣ በክረምት ግን ሁሉም የሚያማርርበት ትንሽ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የነጋዴው ሸቀጥ፣ የሠራተኛው ቤትና የሕፃናት ጤና በዚህች ጠባብ ጉድጓድ ላይ የቆመበት ጊዜ እንዳለ ብናስተውል፣ ለጥቂት ደቂቃ ልንነጋገርበት የሚገባ መሆኑን የምትስማሙበት ይመስለኛል። ይልቁንም ንግግሬን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለሚቀመጡ፣ ዕቅድ ለሚያወጡና በጀት ለሚደለድሉ ወገኖች አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ጎርፍ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከጽሕፈት ጠረጴዛም ጭምር የሚመነጭ መሆኑን ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ለነገሩ መሠረት እንዲሆነን መተማን እንውሰድ። መተማ ከጎንደር ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሱዳን ወሰን ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ለአገራቸው ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ስፍራ ስለ ሆነ፣ ስማቸውን ከስሟ ጋራ አጣምራ መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። ማዶውን የሱዳኗ ገላባት ትታያለች፤ ሁለቱን የሚለያቸው በበጋ ደርቆ በክረምት የሚሞላ የወንዝ መውረጃ ነው። ከወሰኑ ወደ ውስጥ ሲገባ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ገንዳ ውሃ አለች። እነ ኮኪትና ሽንፋም በዚሁ ቆላ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። አገሩ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት፣ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፣ ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቆላ ነው።

እንዲህ ያለ የሙቀት አገር ስለ ጎርፍ ምን አስጨነቀው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱ በሦስት ነገር ይገኛል።

አንደኛው የዝናቡ ጠባይ ነው። በመተማ ወረዳ በዓመት ከ850 እስከ 1100 ሚሊ ሜትር የሚገመት ዝናብ ይዘንባል። ይህ ልክ በዓመቱ ሁሉ ቢከፋፈል የሚበዛ አይደለም። ነገር ግን የሚወርደው ከሞላ ጎደል በአራት ወር ውስጥ ነው፤ በሰኔ ይጀምራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፣ በመስከረም እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያም ላይ እንደ ደጋው ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ ካፊያ ሳይሆን፣ ባንድ ጊዜ ተሰብስቦ የሚደፋ ውሽንፍር ነው።

ሁለተኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከጭልጋ ደጋ የሚነሣው ውሃ ቁልቁለቱን በኀይል ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ስፋቱ ግን ይጨምራል። ጓንግ የሚባለው ወንዝ ይህን ቆላ አቋርጦ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚል ስም ይዞ ከዓባይ ጋራ ይቀላቀላል። ስለዚህ በቆላው ከተማ ደጃፍ የሚታየው ውሃ ሁልጊዜ በዚያው ከተማ ላይ የዘነበ አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከሩቅ ተጉዞ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። በቆላው ሜዳ የሚበዛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያውንም ዝናብ በስንጥቁ ይጠጣል። ጥቂት ሲረጥብ ግን ያብጣል፣ ስንጥቁም ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ውሃውን እንደ ሸክላ ገንቦ ይዞ ያስቀምጠዋል እንጂ ወደ ውስጥ አያሳልፈውም። የሰኔ ትልቅ ዝናብ ያላደረሰውን ጉዳት የነሐሴ መለስተኛ ዝናብ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

በነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ከተማ ሲሠራ ደግሞ ምን እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ እንመልከት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 50 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣራ 1,500 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሰባት ተኩል ያህል ያፈሳል። እንዲህ ያሉ አንድ መቶ ቤቶች በአንድ መንደር ውስጥ ቢኖሩ ከጣራቸው ብቻ 750 በርሜል ውሃ ይወርዳል። በዚያ ላይ የተጠቀጠቀው መንገድ፣ የተረገጠው ገበያና ጭነት መኪና የሚቆምበት ሜዳ የሚያፈሱት ይጨመራል። ያ ስፍራ ሣርና ዛፍ በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውሃ ከፊሉ በቅጠልና በሥር ይያዝ ነበር፤ የቀረውም ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። እኛ ቆርቆሮውን ስናለብሰውና መንገዱን ስንጠቀጥቀው ዝናቡን አልጨመርነውም፤ መንገዱን አሳጠርንለት፣ እርምጃውንም አፈጠንነው እንጂ።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ክፍት ከሆነ ነገሩ በሰላም ያልፋል። ቦዩ ግን ምን ይዞ ነው የሚገኘው? በበጋው ነፋስ የገባ አሸዋ፣ ከሱቅ የተጠረገ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሰሊጥ አገዳና ገለባ፣ ከቤት ሥራ የተረፈ ኮረት ይዞ ይገኛል። አንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ ደንበኛ እንዲሻገርለት ሲል በቦዩ ላይ የማይነሣ ሲሚንቶ ያፈስበታል፤ ከሲሚንቶው ሥር የተጠራቀመውን ደለል ከዚያ ወዲያ የሚያይም የሚያወጣም አይኖርም። ውሃ ግን መንገድ ሲዘጉበት አይመለስም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያ ሌላ መንገድ የሰው ደጃፍ ነው።

በቤት ውስጥ የገባው ውሃም ዕቃ አበላሽቶ ብቻ አይሄድም። የመጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላል፣ ያልተከደነ የውሃ ጉድጓድ ይበክላል፣ ከዚያም በየሥርቻው ረግቶ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ወባ የዚህ ቆላ የቆየ ጠላት መሆኑን ማንም ያውቃል። የኮሌራም ነገር ሩቅ አይደለም። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺሕ ስደተኞች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻና በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም ከነርሱ ብዙዎቹ በተጠለሉበት በኩመር የኮሌራ በሽታ ገብቶ ሕይወት አጥፍቷል። ኮሌራ በተበከለ ውሃ የሚዛመት በሽታ ነው፤ ሕዝብ በተጨናነቀበት የጠረፍ ከተማ ንጹሑንና ቆሻሻውን ውሃ ለይቶ ማኖር የጤና ጥበቃ መጀመሪያ መሆኑን ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ምናልባት ይህ ሁሉ ሥጋት የተጋነነ መስሎ የሚታየው ቢኖር፣ ከደረሱት ነገሮች ሁለቱን ላስታውስ።

አንዱ የደረሰው በጎረቤታችን በካርቱም ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1980 ዓ.ም. በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በከተማይቱ ላይ ወረደ። ካርቱም ዓባይን ስትፈራ የኖረች ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ ግን በቅድሚያ ያጠቃት ወንዙ ሳይሆን በራስዋ ላይ የዘነበውና መውረጃ ያጣው ውሃ ነበር። የጭቃ ቤቶች ፈረሱ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብም መጠለያ አጣ። ሜዳማ መሬትና ውሃ የማያሳልፍ አፈር የሚያመጡትን ጣጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ሁለተኛው በራሳችን በድሬዳዋ የደረሰው ነው። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ግን በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ደርሶ ሕዝቡን በተኛበት ያዘው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ በተራራው ላይም እርከንና የዛፍ ተከላ ተያዘ። ሥራው መልካም ነው፤ የተጀመረው ግን የሞቱት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ ከምን ላይ ነው? ሕግ ስለ ሌለ ነውን? አይደለም። ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ተጽፏል። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም.፣ ስለ ከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በ2000 ዓ.ም.፣ ስለ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥተዋል። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስት አዋጅ መውጣቱ መንግሥት ነገሩን እንዳልዘነጋው ያሳያል። ዕውቀትም አልጠፋም፤ የቦይን ስፋትና ተዳፋት የሚያሰሉ መሐንዲሶች አሉን።

ብዙ ሰው «ገንዘብ የለም» ይላል። ይህ እውነትነት አለው፤ በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የብዙ ወረዳዎች ሥራ እንደ ተደናቀፈ እናውቃለን። ነገር ግን እኔ ዛሬ ማመልከት የምፈልገው ጉድለት ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

እንደምታውቁት የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። አሁን ይህን ከዝናቡ የቀን መቁጠሪያ ጋራ አስተያዩት። ቦይ መጠረግ ያለበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ካዝና የዓመቱን ገንዘብ ጨርሶ፣ ሒሳብ ሹሙ የተረፈውን ሳንቲም እየቈጠረ ነው። ስለዚህ «በሚመጣው በጀት እንይዘዋለን» ይባላል። የሚመጣው በጀት ሐምሌ ላይ ይብታል፤ እስኪጸድቅ፣ እስኪደለደል፣ ግዢው እስኪፈቀድ ድረስ ነሐሴ ይገባል። በነሐሴ ቦዩ ውሃ ሞልቶበታልና የሚጠረግ ነገር የለም፤ የሚጠረገው ከሰው ቤት የገባው ጭቃ ነው። ዝናቡ ባባራ ጊዜ ገንዘቡ ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ይዞራል። እንዲህ እያለ ዓመት ዓመትን ይተካል፤ ቦዩ በየዓመቱ በጀት አለው፣ በየዓመቱም ሳይጠረግ ይቀራል። በዚህ ነገር ውስጥ ሰነፍ ወይም ክፉ ሹም መፈለግ አያሻም፤ ሁሉም ደንቡን ጠብቆ ሲሠራ ጎርፉ ይገባል።

ጥንት በዚህ ቆላ የኖሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበራቸው ብል ትገረሙ ይሆናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የጥናት ጽሑፍ፣ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ከ74 ሺሕ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎችን ኑሮ ይገልጻል። እነዚያ ሰዎች ወንዙ በበጋ ወደ ኩሬነት ሲከፋፈል ዓሣውን በቀላሉ እያጠመዱ ይመገቡ እንደ ነበረ ተመራማሪዎቹ ከዓሣው አጥንት ብዛትና ከሌላውም ምልክት ተረድተዋል። መዝገብ የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም፤ ሆኖም ሥራቸውን በወንዙ ወቅት ልክ ያስኬዱ ነበር። እኛ ግን ወንዙን በመዝገባችን ወቅት ልክ እንዲሄድልን የምንጠብቅ ይመስላል።

መፍትሔው አዲስ አዋጅ ወይም ትልቅ ብድር አይጠይቅም። በጀቱ በሐምሌ ሲጸድቅ ለሚቀጥለው ሚያዝያና ግንቦት የቦይ ጥገና የሚሆነው ገንዘብ በስሙ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ አርእስት እንዳይዛወርም ይከልከል። ከዚያ በኋላ ዓመቱ እንደሚከተለው ሊከፋፈል ይችላል።

በጥቅምትና በኅዳር፣ የጎርፉ ምልክት ገና በግድግዳ ላይ ሳለ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስና የቀበሌው ሰዎች ከተማውን በእግራቸው ይዙሩ። ውሃው የት ላይ ተመለሰ? የትኛው የመንገድ ሥር ቱቦ ጠበበው? የትኛው ደጃፍ ጠለቀ? ይህን በቀላል ንድፍ ላይ ያስፍሩ። የሰፈሩ እናቶችና የዘበኛው ምስክርነት ከማንኛውም መሣሪያ የማያንስበት ጊዜ ይኸው ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የግንብ ሥራ ይሠራ፤ የፈረሰው ይጠገን፣ የጠበበው ቱቦ ይለወጥ። በሚያዝያና በግንቦት ደለሉ ይውጣ። ሲወጣም በቦዩ ዳር አይከመር! ይህ በብዙ ከተሞቻችን የምናየው ነገር ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ በአካፋ የወጣ ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ለአካፋው የተመደበ ገንዘብ ለጋሪውና ለመኪናውም ካልተመደበ ጨርሶ እንዳልተመደበ ይቈጠራል። በሰኔ የሚቀረው ሥራ ጥበቃ ብቻ ይሆናል።

ከባዕድ አገር የምንማረው ብዙ ቢሆንም እንዳለ የምንገለብጠው አይደለም። ለምሳሌ ቻይና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በ16 ከተሞች ላይ «የሰፍነግ ከተማ» የተባለ አሠራር ለሙከራ ይዛለች፤ ሐሳቡ ከተማው ዝናቡን እንደ ሰፍነግ መጥጦ እንዲይዝ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ዋልካ አንዴ ካበጠ በኋላ የማይመጥ አፈር ስለ ሆነ፣ በመተማ ማስመጫ ጉድጓድ ቢቈፈር ውሃ የሞላ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ አገር የሚስማማው የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ተቀብሎ በበርሜልና በታንከር ማጠራቀም፣ የቀረውን በተዳፋት ቦይ ሳይዘገይ ማሳለፍ፣ ከከተማው በላይ ያለውን መሬት ደግሞ መጠበቅ ነው። በርሜሉም ትንኝ እንዳይራባበት መከደን አለበት። ሙቀቱ በሚበረታበትና ውሃ ብርቅ በሆነበት ቆላ፣ በክረምት ጠላት የምንለው ውሃ በበጋ የሚገዛ ሀብት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከከተማው በላይ ስላለው መሬት አንድ ቃል ልጨምር። ለሰሊጥ እርሻ ሲባል ጫካው በተመነጠረ ቍጥር ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል፣ ደለልም ይዞ ይመጣል። የዕጣኑን ዛፍና ሌላውን የቆላ ደን መጠበቅ፣ ማሳውን ከተዳፋቱ ጋራ ሳይሆን አግድም ማረስ፣ በማሳዎች መካከል የሣር መስመር መተው የከተማ ጉዳይ አይደለም የሚል የማዘጋጃ ቤት ሹም ቢኖር፣ በየዓመቱ ከቦይ የሚያስወጣው ደለል የማን ማሳ አፈር እንደ ነበረ ይመርምር። እርሻ ጽሕፈት ቤትና ማዘጋጃ ቤት በየበኩላቸው የሚጽፉት ደብዳቤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኝ ሁለቱም ሥራ ይቀልላቸዋል። የወሰኑ ወንዝም ቢሆን የሁለት አገር ውሃ ነው፤ ከኛ በኩል የተጣለው ቆሻሻ የገላባትንም ሰው ይጎዳልና የጎረቤት ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

የሕዝቡም ድርሻ ቀላል አይደለም። መንግሥት ያልጠረገውን ቦይ ነጋዴው ሊደፍነው አይገባም። በሱቁ ፊት መሻገሪያ የሚያሠራ ሰው የሚነሣ ክዳን ያድርግበት። እድር ለቀብር ብቻ የቆመ ማኅበር አይደለም፤ በግንቦት ወር በአንድ እሑድ አባላቱ ዶማና አካፋ ይዘው ቢወጡ፣ በነሐሴ ለሐዘን የሚወጣው ገንዘብ ሊቀንስ ይችላል። ወሩ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰኔ ከገባ የቆላው ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ይሄዳልና እጅ አይገኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጎርፍ ደግሞ ከአንበሳ የሚብስ አውሬ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ከናንተ ብዙዎቻችሁ መተማን አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። የበጀት ማዘዣ ደብዳቤ የምታዘጋጁት በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ነው። ይሁን እንጂ በደብዳቤው ላይ «የቦይ ጥገና ገንዘብ ከሚያዝያ በፊት ይለቀቅ፣ ወደ ሌላም አይዛወር» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር፣ ከዚያ ሩቅ ቆላ ያለች ሴት በነሐሴ ሌሊት ልጆችዋን ከአልጋ ላይ አንሥታ በጨለማ ከመሮጥ ትድናለች። እርስዋ የጻፈውን ሰው ስም አታውቀውም፤ ምስጋናም አትልክለትም። የመንግሥት ሥራ ክብሩ ግን እዚያ ላይ ነው፤ ያልደረሰ ጥፋት ማንም አያመሰግንበትም፣ ሠራተኛው ግን ያውቀዋል።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ግንቦት በደረሰ ጊዜ መዝገባችሁን ግለጡና የቦዩ ገንዘብ በስፍራው መኖሩን ተመልከቱ። ካለ ይውጣና ሥራ ይጀመር፤ ከሌለ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ዛሬውኑ ይጻፍ።

እግዚአብሔር አገራችንን ከጥፋት ውሃ ይጠብቅልን።